ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው መንገድ
የቆሽት ካንሰር ያገኛቸውን አረጋውያን ስለ ማከም በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገር ስለ ተሰጠኝ ዕድል የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውን አመሰግናለሁ። የተመረጠልኝ ርእስ በመጀመሪያ ሲታይ ጠባብ ይመስላል። ይኸውም በዕድሜ የገፋ፣ በቆሽት ካንሰር ታሞ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት ይታከም የሚል ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ለሚሠራ ሐኪም እንዲህ ያለው ሕመምተኛ የዕለት እንግዳ አይደለም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ቁስሉ ጠግጎ፣ የሆስፒታሉን ወረቀት በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ሽማግሌ በራችን ላይ ሲቆም፣ የምንሰጠው ምላሽ የቀረ ዕድሜውን የሚወስን ይሆናል።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ትክክለኛው ሕክምና ከሁሉ የበረታው ሳይሆን፣ እስከ መጨረሻው ሊፈጽመው የሚችለው ነው። ሊፈጽመው መቻሉንም የሚወስነው የዕድሜው ቁጥር ሳይሆን ጉልበቱ፣ ቤቱና መንገዱ ነው።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። በአማርኛችን «ቆሽቴ አረረ» ያለ ሰው እጅግ ተናደድሁ ማለቱ ነው። ቆሽት በንግግራችን የብስጭት ማደሪያ ሆኖ ቢኖርም፣ የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ሰው ብዙ አይደለም። ከጣፊያ ጋር የሚያደባልቀውም አለ፤ ይህንኑ በሽታ የጣፊያ ካንሰር ብሎ የሚጽፍም አይታጣም። እኔ ቆሽት የምለው ከጨጓራ በስተጀርባ ተጋድሞ፣ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት፣ ኢንሱሊንን ደግሞ ወደ ደም የሚልከውን ዕጢ ነው። ይህን ድርብ ሥራውን በልባችን እንያዝ፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው ችግር አብዛኛው ከዚሁ የሚነሣ ነውና።

በሽታው በብዙው የሚይዘው በዕድሜ የገፉትን ነው። በምዕራቡ ዓለም ሕመምተኞች በሽታው ሲታወቅባቸው ያላቸው መካከለኛ ዕድሜ 70 ዓመት ገደማ ነው። ከመቶው ሕሙማን መካከል በቀዶ ሕክምና ሊወጣ በሚችልበት ጊዜ የሚደርሱት ከ15 እስከ 20 ብቻ ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ መዘግየቱን የሚያብሰው አንድ ነገር አለ። ከቆሽት ራስ ላይ የተነሣ ዕብጠት የሐሞትን ቱቦ ሲዘጋ ዐይን ቢጫ ይሆናል፤ ሽንት ይጠቁራል፤ ዐይነ ምድር ይነጣል፤ ሰውነት ያሳክካል። የመንዝ ሰው ይህን ሲያይ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ ባህል መድኃኒት ይሄዳል። የወፍ በሽታ የሚባለው ከብዙ ምክንያት የሚመጣ ስለ ሆነ አባባሉ ፈጽሞ ስሕተት ነው አይባልም። ሆኖም ሽማግሌው ሕመም ሳይሰማው ቢጫ ከሆነ፣ ከስቶም ከሆነ፣ ወይም የስኳር በሽታ በድንገት ከጀመረው፣ ሳይውል ሳያድር የሆዱ አልትራሳውንድ መነሣት አለበት። ቀዶ ሕክምና የሚገኘው በዚህች ጠባብ በር ለገባ ብቻ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከባድ ነው። በአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም በአለን ዊፕል ስም የሚጠራውና እርሱ እ.ኤ.አ. በ1935 ያስተዋወቀው ይህ ሥራ የቆሽትን ራስ፣ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞትን ከረጢትና የቱቦውን የታችኛውን ክፍል፣ ብዙ ጊዜም ከጨጓራው ጥቂት ቆርጦ አውጥቶ የቀረውን እንደ ገና ያገናኛል። ይህን ተሻግሮ የተነሣ ሰው ቤተ ሰቡ «ዳነ፤ ተቆርጦ ወጣለት» ይላል። እኛ ግን በዐይን የማይታይ ዘር በደምና በጉበት ውስጥ ቀርቶ ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን። ስለዚህ ጥያቄው ከቀዶ ሕክምና በኋላ መድኃኒት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከተገኘ ቆይቷል።

በጀርመንና በኦስትሪያ የተካሄደው ኮንኮ 001 የተባለው ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለስድስት ወር ጄምሲታቢን የተሰጣቸውን ካልተሰጣቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት 20.7 በመቶና 10.4 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። እጥፍ ያህል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኢስፓክ 4 ካፔሲታቢን የተባለው እንክብል በጄምሲታቢን ላይ ሲጨመር መካከለኛው የሕይወት ዘመን ከ25.5 ወደ 28 ወር ከፍ ማለቱን ገለጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በፈረንሳይና በካናዳ የተደረገው ፕሮዲጅ 24 ፎልፊሪኖክስ የሚባለውን የመድኃኒቶች ቅንብር በተሻሻለ መልኩ ሰጥቶ 54.4 ወር አገኘ፤ ጄምሲታቢን ብቻ የወሰዱት 35 ወር ነበር። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በዚህ ጥናት የገቡት ከ80 ዓመት በታች የሆኑና ጉልበታቸው የጸና ነበሩ። እንደዚያም ሆኖ በቅንብሩ ከታከሙት ከመቶው 76 ያህሉ ከባድ የሚባል የጎንዮሽ ጉዳት ደርሶባቸዋል።

ስለ ጨረርም አንድ ቃል መናገር ይገባኛል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1997 የጨረር ሕክምና ከተጀመረ ወዲህ፣ በሕዝቡ ዘንድ የካንሰር ሕክምና ማለት ጨረር ነው የሚል እምነት ሰፍኗል። በዚህ በሽታ ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኢስፓክ 1 ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጨረርን ከመድኃኒት ጋር መስጠት እንዳልጠቀመ፣ መድኃኒቱ ብቻውን ግን እንደ ጠቀመ አሳይቷል። ስለዚህ ሽማግሌውን ለጨረር ተራ አስጠብቀን ለመድኃኒቱ የነበረውን ጊዜ እንዳናሳልፍበት ያስፈልጋል።

አሁን የንግግሬ ማዕከል ወደ ሆነው ነጥብ እመጣለሁ። በኢስፓክ 3 የተሳተፉትን ሕሙማን በመመርመር እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ትንታኔ፣ ለሕይወት መርዘም ይበልጥ የረዳው ሕክምናውን በቶሎ መጀመር ሳይሆን ስድስቱንም ዙር መፈጸም መሆኑን አስረዳ። እስከ 12 ሳምንት ድረስ ዘግይቶ መጀመር ጉዳት አላሳየም። ይህ ለወጣቱ ጠቃሚ ዕውቀት ነው፤ ለሽማግሌው ግን ከሁሉ የሚበልጥ ዕውቀት ነው። ቁስሉ እስኪጠግግ፣ ምግብ መብላት እስኪጀምር፣ በእግሩ እስኪሄድ ልንጠብቀው እንችላለን ማለት ነውና። በሦስተኛው ሳምንት አጣድፈን ጀምረንለት በሁለተኛው ዙር ከሚያቋርጥ፣ በዐሥረኛው ሳምንት ጀምሮ ስድስተኛውን ቢጨርስ ይሻለዋል።

ታዲያ ማን ይጨርሳል? በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይታያል። አንደኛው «ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ምን ያደርግላቸዋል?» ብሎ በዕድሜ ብቻ መፍረድ ነው። ሁለተኛው ለሁሉም አንድ ዓይነት ብርቱ መድኃኒት አዝዞ «በርቱ» ብሎ መሸኘት ነው። የፊተኛው የሚገባውን ይነፍጋል፤ የኋለኛው የማይችለውን ይጭናል።

ስለ ዕድሜ ስንናገር በካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ግምት መሆኑን አንርሳ። የአገራችን ሽማግሌ ዕድሜውን የሚቆጥረው በዘመን ምልክት ነው። በ1948 ዓ.ም. የጃንሆይ የዘውድ ኢዮቤልዩ ሲከበር ሕፃን የነበረ ዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ጊዜ ትዳር የያዘ ከዚያ በላይ ሊሆነው ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ሰውየውን እንመርምር። ከበርጩማ ያለ ድጋፍ ይነሣል? ከበሽታው በፊት ዳገቱን ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለም ነበር? ዛሬስ? በስድስት ወር ውስጥ ስንት ኪሎ ቀነሰ? ትናንት የተነገረውን ዛሬ ያስታውሳል? ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳል? ማን ያበስልለታል? ሌሊት ሲታመም ማን ይሰማዋል? እነዚህ ጥያቄዎች መሣሪያ አይፈልጉም፤ ግማሽ ሰዓትና ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋሉ። የሚያስገኙት ጥቅም ግን የተመሰከረለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጋፕ 70 ፕላስ የተባለው ጥናት፣ ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ የሆኑ የካንሰር ሕሙማን ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ምርመራ ውጤት ከምክር ጋር ሲያገኙ፣ ከባድ የመድኃኒት ጉዳት ከ71 በመቶ ወደ 51 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። እነዚያ ሕሙማን በሽታቸው ከመዳን ያለፈ ነበር፤ ቢሆንም የሽማግሌ ሰውነት ለመድኃኒት የሚሰጠው ምላሽ በሁለቱም ዘንድ ያው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኩላሊት ልጨምር። የከሳ ሽማግሌ ጡንቻው ስለ ሚሳሳ በደሙ ውስጥ ያለው ክሬአቲኒን ዝቅ ብሎ ደኅና መስሎ ይታያል፤ ኩላሊቱ ግን ደክሞ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውንና ክብደቱን አስገብተን የኩላሊቱን የማጣራት ኀይል እናስላ። በደቂቃ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ከሆነ የካፔሲታቢን መጠን በሩብ ይቀነሳል፤ ከ30 በታች ከሆነ ፈጽሞ አይሰጥም።

ከዚህ በኋላ መድኃኒቱን ከአገሩ ጋር ማስማማት ይመጣል። ፎልፊሪኖክስ ውስጥ ያለው ኦክሳሊፕላቲን ነርቭን ይነካል፤ ይህም ጉዳቱ በብርድ ይቀሰቀሳል። ቀዝቃዛ ነገር የነካ እጅ ይጠዘጥዛል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የጠጣ ሰው ጉሮሮው የተዘጋ ይመስለዋል። ይህ መድኃኒት ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነ ስፍራ፣ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት በመንዝ ለሚኖር ሽማግሌ ሲሰጥ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። ባናና በርኖስ የለበሰ ሰው አካሉን ይሸፍናል፤ በማለዳ የሚተነፍሰውን አየር ግን አያሞቀውም። ወደ ጠበል የሚሄድ ከሆነም፣ መድኃኒቱን በወሰደበት ሳምንት በቀዝቃዛ ውሃ መጠመቅ ለጉሮሮውም፣ ላልጸናው ቁስሉም፣ ለቀነሱት ነጭ የደም ሕዋሳቱም አይበጅም። ይህን ስንነግረው ጠበሉን ተው ማለታችን እንዳልሆነ ከካህኑ ጋር ተነጋግረን ማስረዳት ይኖርብናል። ሳምንቱን መለወጥ ይቻላል።

ካፔሲታቢን ደግሞ በአፍ የሚወሰድ በመሆኑ ለሩቅ ሰው ይመቻል፤ ነገር ግን መዳፍንና የእግርን ውስጥ ያቀላል፣ ይሰነጥቃል። ሞፈር ለሚጨብጥ፣ ድንጋያማ መንገድ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጫማና ቅባት የመድኃኒቱ አካል ሆነው አብረው መታዘዝ አለባቸው። ካፔሲታቢንን ብቻውን መስጠት እንደ አማራጭ ቢጠቀስም ማስረጃው የሌሎቹን ያህል የጠነከረ አለመሆኑን አውቀን እንምረጥ።

ጄምሲታቢን በሽማግሌ ዘንድ ይበልጥ የሚቻል ነው፤ ዕዳው መንገዱ ነው። በየአራት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ፣ ለስድስት ዙር ሲሰጥ 18 ጊዜ በደም ሥር መወሰድ አለበት። ሕመምተኛው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ከምትርቀው ከደብረ ብርሃን ቢነሣ እንኳ ደርሶ መልሱ ሲደመር ከ4,600 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የመሐል ሜዳው ሰው ገና በጣርማ በር በኩል ደብረ ብርሃን መድረስ አለበት፤ የግሼ ራቤሉ መሐል ሜዳን ማለፍ አለበት፤ የዓለም ከተማው በለሚ በኩል የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ግጭት ደግሞ መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ አይተናል። ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት «በየት ያድራሉ? ማን ያመጣዎታል? መንገድ ቢዘጋ ወዴት ይደውላሉ?» ብሎ መጠየቅ የማኅበራዊ ሠራተኛ ሥራ ብቻ ሳይሆን መድኃኒት የማዘዝ አንዱ ክፍል ነው። በአዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ መቆየት የሚችል አንድ ነገር ይታዘዝለታል፤ የማይችል ሌላ። አንድ ሳምንት የቀረበትም ሕክምናው እንደ ተቋረጠ ቆጥሮ ቤቱ እንዳይቀር አስቀድሞ ይነገረው።

ስለ ምግብ ደግሞ እንመልከት። ቆሽቱ የተቆረጠ ሰው ቅባት መፍጨት ይሳነዋል፤ ዐይነ ምድሩ ቅባት ይሆናል፤ እየበላ ይከሳል። የሚያሻው የቆሽትን ፈሳሽ የሚተካ እንክብል ነው፤ በምግብ መካከል ይወሰዳል። ይህ እንክብል የሚሠራው ከዐሣማ ቆሽት ነው። ለክርስቲያኑም ሆነ ለሙስሊሙ ሽማግሌ ይህን ደብቀን ብንሰጠው፣ በኋላ ከሌላ ሰው ሲሰማ እንክብሉን ብቻ ሳይሆን እኛንም ይተወናል። አስቀድመን ብንነግረውና ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር እንዲመክር ጊዜ ብንሰጠው ግን፣ ለሕይወት የሚሰጥ መድኃኒት ከምግብ የተለየ መሆኑን የሚያስረዱት እነርሱ ይሆናሉ። ጾምም እንዲሁ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመርበት፣ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት ለሚገባው፣ እንቁላልና እርጎ ለሚያስፈልገው ሰው ከባድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሕሙማን ይራራል፤ ፈቃዱን ግን ሽማግሌው ከሐኪም አፍ ሳይሆን ከአባቱ አፍ መስማት ይፈልጋል። ስለዚህ ለንስሐ አባቱ የምንጽፈው አጭር ወረቀት ከብዙ ምክር ይበልጣል። በጾሙ ቢጸናም በሶው፣ አጥሚቱ፣ የባቄላና የሽምብራው ምግብ በትንሽ በትንሹ እንዲደጋገም እንምከር። የስኳሩም መጠን በየጊዜው ይለካ።

ከሁሉ አስፈሪው ትኩሳት ነው። እነዚህን መድኃኒቶች በወሰደ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ፤ አፍም ሊቆስል ይችላል። ትኩሳትና የአፍ ቁስል በአንድነት ሲታዩ ግን መንደሩ ያለ ምንም ጥርጥር «ምች መታው» ይላል፤ ዳማከሴ ይታሻል፤ ሁለት ቀን ያልፋል። ሁለት ቀን ለሞት ይበቃል። ስለዚህ ሽማግሌውንም አስታማሚውንም «ይህን መድኃኒት እየወሰዱ ሳለ ምች የሚመስል ነገር ከመጣ ምች አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል» ብለን በዚሁ ቃል እንንገራቸው። በመሐል ሜዳ ሆስፒታልም ሆነ በዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል ያለ ባልደረባችን የደም ምርመራ አድርጎ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ሊጀምር ይችላል፤ የሚጎድለው ሕመምተኛው ምን እየወሰደ እንደ ሆነ ማወቁ ብቻ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከቤቱ ደጃፍ ስለማይርቁ ቴርሞሜትር ይዘው እንዲጎበኙት ማድረግ ይቻላል።

በመጨረሻ ስለ እውነት እናገራለሁ። ልጆቹ በጓዳ ጠርተው «ለአባታችን አይንገሩብን» ይሉናል። ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሌላው የደበቀበትስ? ለምን እንደሚሠቃይ ያልተነገረው ሽማግሌ በሦስተኛው ዙር «ድኛለሁ፤ ይበቃኛል» ብሎ ይቀራል። በተረጋጋ ቃል፣ ልጆቹ ባሉበት፣ «አባባ፣ ሕመሙ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ተመልሶ እንዳይመጣ ስድስት ወር የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ ይረዳል፤ ግን ሁሉንም አያድንም፤ የእርስዎ ፈቃድ ምንድን ነው?» ቢባል ግን ፈቃዱን ራሱ ይሰጣል። እምቢ ቢልም መብቱ ነው። መሬቱን ለልጆቹ ለማካፈል፣ ለመናዘዝ፣ የተጣላውን ለመታረቅ ጊዜ የሚያገኘው ያወቀ ሰው ነው። ሕክምናውን ላልፈለገ ወይም ላልቻለ ሰውም ሕመሙን ማስታገሥ፣ ምግቡን ማስተካከል፣ መጎብኘት ከእኛ ይጠበቃል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ከዚህ በመነሣት ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገው ሆስፒታል ሕመምተኛውን ሲሸኝ፣ የተደረገለትን፣ የሚወስደውን መድኃኒት ስምና መጠን፣ ትኩሳት ቢመጣ የሚደረገውንና የሚደወልበትን ስልክ የያዘ አንድ ገጽ በአማርኛም ጽፎ በእጁ ያስይዘው። ሁለተኛ፣ ከሰባ ዓመት በላይ ለሆነ ሕመምተኛ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ከላይ የዘረዘርኋቸው ጥያቄዎች ተጠይቀው መልሳቸው በካርዱ ላይ ይስፈር። ሦስተኛ፣ በወረዳ ሆስፒታሎች ያሉ ባልደረቦቻችንና በአዲስ አበባ ያሉት የካንሰር ሐኪሞች በስም የሚተዋወቁበትን መንገድ ማኅበራችን ያመቻች።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕንጻ መጠበቅ አያስፈልግም። ወረቀት፣ ስልክና ለሽማግሌው የሚሰጥ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በዚያ ከባድ ቀዶ ሕክምና ያልፈረሰ ሰው፣ በእኛ አለመነጋገር ምክንያት በመንገድ ላይ እንዳይቀርብን አደራ እላለሁ።